ውሃ የሚያሳርፈው ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ በፍል ውሃው ሆቴል የፎጣ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ውሃውንም ነገሩንም ከሥሩ አውቃለሁ። ሥራዬ ደረቅ ፎጣ መስጠትና እርጥብ ፎጣ መቀበል ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ሰውን በአንዲት ፎጣ ብቻ ቆሞ ያየ ሰው ሱፍና ክራባት አያታልለውም። ትልቁም ትንሹም እግሩ ቀጭን ነው፤ ትልቁም ትንሹም ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እዚህ የምንቀው ሰው ቢኖር ሳላውቀው የናቅሁት እንዳይመስላችሁ።

የማወራችሁ ስለ ክርን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ሚስቱ ስትቆጣ ካልሆነ በቀር ማንም አይጠራበትም። ክርን የተባለው በክርኑ ስለሚሠራ ነው። ውሃው ከዓለቱ ሲወጣ እንቁላል ይቀቅላል፤ ሰው ቢገባበት ቆዳውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አንደኛው ማሳረፊያ ገንዳ ይወርዳል፣ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ያርፋል፤ ከዚያ ነው ሰው ወደሚታጠብበት ገንዳ የሚገባው። አራት ሰዓት ይፈጃል። ይህን የሚያደርገው ክርን ነው። በየገንዳው ቁጭ ይልና እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ይነክራል። ቴርሞሜትር ገዝተውለት ነበር፤ ሚስቱ ለአበባዋ ግንድ መደገፊያ አደረገችው።

«ለምን በእጅህ አትነካውም?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«መዳፍ ይለምዳል፣ እህቴ» አለኝ። «ክርን አይለምድም።»

ከዚያ አንድ ቃል ይናገራል፦ «ደርሷል»፣ አለዚያም «አልደረሰም»። ሦስተኛ ቃል የለውም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከነአጀቡ መጣ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ወገቡ እስኪቆረጥ ጎንበስ ቀና ይላል። ሰውየው ልብሱን አውልቆ ፎጣ ከእኔ ተቀብሎ ብቅ ሲል ክርን «አልደረሰም» አለ። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ዐይናቸውን አጉረጠረጡበት። አልደረሰም ነው ያለው። ባለሥልጣኑ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ በርጩማ ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን «ክርን ካለ፣ አለ ነው» ማለት ተለመደ። ሰው ከውሃ ጋር ምንም ለማይገናኝ ነገር ሁሉ እየመጣ ይጠይቀዋል፤ አውቶቡሱ ያልፋል ወይ፣ ይህ ቤት ክረምት ላይ ያፈሳል ወይ። የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። በለቅሶ ቤት እንኳን ሟቹ ደግ ካልነበረ ደግ ነበር አይልም፤ «ረጅም ነበር» ብሎ ይመጣል።

ከሆቴሉ ግንብ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አለ። የታችኛው ገንዳ እንለዋለን። ከመታጠቢያው የሚተርፈው ውሃ በቱቦ በግንቡ ሥር አልፎ እዚያ ይወርዳል። ሆቴሉ ሳይኖርም ነበረ። ሆቴል ለመግባት አቅሙ የሌለው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ጉልበቱ የማይታዘዝለት ሰው እዚያ ተሰልፎ ይቀመጥና እግሩን ይነክራል። የክርን ሚስት ከእነሱ አንዷ ናት። ሠላሳ ዓመት በእግር በሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ሠርታለች፤ ልብሱን የሰፋው መኪናው ቢሆንም ያለቀው የሷ ጉልበት ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ዱላዋን ተደግፋ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አንድ ሰዓት ትነከራለች። ስትመለስ ዱላዋን እንደ ዣንጥላ ብብቷ ሥር ሸጉጣው ነው። ይህን በዐይኔ ያየሁት ነው፤ ሐኪም የጻፈው አይደለም።

ከዚያ ንጹሕ ኃይል መጣ።

ከሆቴሉ በላይ፣ ከጥዱ ጫካ ማዶ ምድሩን በረጅም መሰርሰሪያ ወጉት። ከምድር ሆድ እንፋሎት አውጥተን መብራት እናደርገዋለን አሉ። ጭስ የለው፣ ነዳጅ የለው፣ የማያልቅ፣ ታዳሽ። ይህን አልነቅፍም፤ መብራት ማን ይጠላል? የናቅሁት ንግግሩን ነው። በምረቃው ቀን ስድስት ሰው ተናገረ። ስድስቱም «ለአካባቢው ማኅበረሰብ» አሉ። የአካባቢው ማኅበረሰብ ማለት እኛ ነበርን፤ ከገመዱ ወዲህ ቆመን በፀሐይ እንጠበሳለን። ሽቦውም በጣሪያችን ላይ አልፎ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ያኔ ገባኝ።

ከኃይሉ ኋላ ጎብኚው መጣ። የእንፋሎቱ ነጭ ዓምድ ለፎቶ ያምራል ተባለና መመልከቻ ሰገነት ተሠራ። «ንጹሕ ኃይልና የተፈጥሮ ውሃ፣ ሁለት ቀን» የሚል ጉብኝት ወጣ። ሆቴላችንም አዲስ ሥራ አስኪያጅ አገኘ። ፀጉሩን በመሃል የሚከፍል፣ ሠራተኛውን «ቤተሰብ» እያለ የሚጠራ፣ ነገር ግን የአንዳችንንም ልጅ ስም የማያውቅ። ለአካባቢ ጥበቃ የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ግንቡን አረንጓዴ ማስቀባት ነው። ሁለተኛው በየመኝታ ክፍሉ «ይህን ፎጣ ሁለት ቀን በመጠቀም ምድርን ስላዳኑ እናመሰግናለን» የሚል ካርድ መስቀል ነበር። ባሕር ተሻግሮ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ፎጣውን ሚስማር ላይ ያንጠለጥልና ከምድር ጋር ታርቆ ይተኛል። ደረቱን ነፍቶ ቁርስ ሲበላ አየዋለሁ።

በር ላይ ደግሞ የክርንን ፎቶ ሰቀሉ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክርኑን አንሥቶ፣ አፉን አስከፍተውት፣ ከሥሩ «ከምድር ሆድ በቀጥታ» የሚል ጽሑፍ። ክርን ፎቶውን አይቶ «አፌን ለምን ከፈቱት?» ብቻ ነው ያለው።

በሁለተኛው ዓመት ውሃው በረደ።

መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ከመጀመሪያው ገንዳ ዳር ቁጭ አለ፣ ክርኑን ነከረ፣ አልተነሣም። ፎጣ ተሸክሜ ሳልፍ «ቀነሰ» አለኝ። በየሳምንቱ ቀነሰ። በመጨረሻ ከዓለቱ የሚወጣው ራሱ ለብ ያለ ብቻ ሆነ። ከኃይል ማመንጫው ባለሙያ ተላከ። ከመኪናው ሁለት እግሩን ሳያወርድ «ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም» አለ።

«ከእናንተ በፊት እኮ ያቃጥል ነበር» አለው ክርን።

«ስለዚያ የተመዘገበ መረጃ የለም።»

«እኔ አለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ነክሬዋለሁ።»

«አንተ መረጃ አይደለህም» አለው ሰውየው፤ መልካም ቀንም ተመኝቶለት ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ግን ጎብኚ በለብታ ውሃ እንደማይታለል ገባው። ከተዘጋ የሳሙና ፋብሪካ አሮጌ ቦይለር አስመጣ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተከለው፤ እንግዳ እንዳያየው ሐረግ አለበሰው። የሚነደው እንጨት ከላይ ከጥዱ ጫካ ይመጣል። ክርን ላይ እሳቱም ተጨመረበት። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንም አልነካውም።

አሁን የምነግራችሁን ከእኛ ሆቴል በቀር የትም አትሰሙትም። ቦይለሩ ውሃውን እስኪንተከተክ ያፈላዋል። ክርን የፈላውን ውሃ ወደ አንደኛው ማሳረፊያ ይለቀዋል። አራት ሰዓት ያሳርፈዋል። ሲበርድ «ደርሷል» ይላል። ሰባት ወር እንዲህ ሠራን። ጥድ እየወደቀ ውሃ ይፈላል፤ የፈላው ውሃ ደግሞ በሜዳ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ወደ ሰማይ። እኔም በየጠዋቱ በእንፋሎቱ ውስጥ እያለፍኩ ምንም አልታየኝም። ባለዲግሪው ሥራ አስኪያጅም አልታየውም። ክርንማ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ ውሃ ሳያርፍ ሰው አይነካም።

የታያት ሚስቱ ናት፤ እኛ እትዬ ነው የምንላት። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እቤታቸው ተቀምጫለሁ። እትዬ ጨርቅ እየቀደደች ድንገት ቀና አለች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሃውን ለምንድነው የምታፈላው?»

«እንዲሞቅ ነዋ።»

«ለምንድነው የምታሳርፈው?»

«እንዲበርድ ነዋ።»

ክርን የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ገላ በሚችለው ልክ ብቻ አሙቀህ አትተወውም?» አለች።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ እኔም ሰባት ወር ሙሉ ቆሜ እንዳየሁት ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀስ ብሎ አስተካክሎ ዝም ይል ነበር። ክርን ግን ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቢሮ ገባና «ሰባት ወር እንጨት ያለ ጥቅም አንድጃለሁ» ብሎ ተናገረ። የፎጣ ክፍሌና ቢሮው የሚለያዩት በኮምፔንሳቶ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ጮኸ። ከዚያ ቁጠባ የሚባል በሽታ ያዘው። ከቢሮው ወጥቶ ግቢውን በእግሩ እየዞረ «ሌላስ ሙቀት የት ይባክናል?» እያለ ይፈልግ ጀመር። በሦስተኛው ቀን በግንቡ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ አገኘ። ቫልቭ አስገጠመና ዘጋው። የተረፈው ውሃ በፓምፕ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ እንዲገባ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የዛሬው እንግዳ የትናንቱ እንግዳ የታጠበበትን ይታጠባል፤ ይህን ከፎጣው ሽታ አውቃለሁ።

የታችኛው ገንዳ ደረቀ። ክርን እውነት ተናግሮ የሚስቱን ውሃ በገዛ አፉ ዘጋ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የእትዬ ዱላ ከብብቷ ወደ መሬት ወረደ። ከዚያ በዱላውም በግድግዳውም መሄድ ጀመረች። ከዚያ ከነጭራሹ ከቤት መውጣት ተወች። ክርን ማታ ማታ ውሃ እያሞቀ በሳፋ ያቀርብላታል፤ ግን የቧንቧ ውሃ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ጉልበቷ ድረስም አልደረሰ። የገንዳው ሰዎችም በሩ ላይ ይጠብቁት ጀመር። ጡረተኛው ፖስተኛ አለ፤ አርባ ዓመት በእግሩ ደብዳቤ ያደረሰ። ጡብ ስትሸከም ወገቧ የጎበጠ ሴትዮ አለች። መሪ ይዞ የተኛ የሚመስል አሮጌ ሾፌር አለ። አይጮኹም። «ውሃው መቼ ነው?» ብቻ ይሉታል። እሱም «አላውቅም» ይላቸዋል። አላውቅም ማለት እንዲህ ሲከብደው አይቼው አላውቅም።

በመጨረሻ ወደ ቢሮው ገባ። እኔም ፎጣ ማጠፌን ትቼ ጆሮዬን ከኮምፔንሳቶው ጋር አጣበቅሁ። አላፍርበትም።

«ጌታዬ፣ ቱቦውን ይክፈቱልኝ» አለ። «የሰው ጉልበት ነው ያለው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የዚህ ቤት አባት ነዎት» አለው ሥራ አስኪያጁ። አፉ ቅቤ ነው። «ሐሙስ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የምድር ወዳጅ የሚባለውን ሰሌዳ ሊሰጡን ነው። ሰሌዳው ከተሰቀለ ጎብኚው በአውቶቡስ ነው የሚጎርፈው። ያኔ ስለ ሙቅ ውሃ ማን ይጨነቃል? ሰኞ ጠዋት ቫልቩን በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። እንደ ሁልጊዜው ክርንዎን ይነክራሉ። ሙቀቱ ከየት ነው ሲሉዎት፣ ከምድር ነው ይበሏቸው። ሁለት ቃል።»

«ሐሰት ነው።»

«ሐሰት አይደለም ጋሼ፤ ማስታወቂያ ነው።»

ክርን ወጥቶ ወደ እኔ ክፍል ገባና የእርጥብ ፎጣ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው መራሱን አላወቀውም።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ትያለሽ?»

እንግዲህ ሌላውን ሰው ስንቅ ዋልኩ፤ እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩት ስሙ። «በላቸው» አልኩት። «ሁለት ቃል ነው። ሰው በቀን መቶ ይዋሻል፤ ምን ሆነ?»

«መቶ የሚዋሽ ሰው አንዷ አትታይበትም» አለኝ። «እኔ ግን የት አስቀምጣታለሁ?»

ፎጣዬን አጠፍኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ታችኛው ገንዳ ወርዶ «ሰኞ ውሃው ይመጣል» አላቸው። እንዴት፣ ለምን፣ ማን አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ክርን ካለ፣ አለ ነው። ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። አለቃቸው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ የብረት የውሃ መያዣ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። አንዱ ያየውን ሁሉ ፎቶ ያነሣል፤ የእኔን የፎጣ ካርድ ብቻ አራት ጊዜ አነሣ። ሦስተኛው ሥራው ራሱን መነቅነቅ ነው። በዚህ ሥራ ደመወዝ እንደሚከፈል ባውቅ እኔም አልሰንፍም ነበር።

ክርን አዲስ ሸሚዝ ተሰጥቶት ገንዳው ዳር ቁጭ ብሏል። ክርኑን ነከረ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ።

«ደርሷል» አለ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች ባለባርኔጣዋ። «ይህ ሙቀት ከየት የመጣ ነው?»

ክርን ሰው አላየም፤ ውሃውን ነው ያየው። «ከምድር ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፣ ራስ ነቅናቂው ነቀነቀ፣ ሴትዮዋ ጻፈች። የክርን ፊት አመድ መሰለ። እጅጌውን ወደ ታች ሳበና ቁልፉን መቆለፍ አቃተው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም አላወራውም። ሴትዮዋ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «አሁን የእንጨቱን ቦይለር እንይ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ የቆመበት ደረቀ። «የ... የትኛውን ቦይለር?»

«ገጽ ሰባት ላይ አለ እኮ» አለችው።

ማመልከቻውን የጻፈው ከተማ ያለ አማካሪ ነበር። አማካሪው ቦይለሩን አልደበቀም፤ እንዲያውም አሳምሮ «ከአካባቢው የሚገኝ ታዳሽ ነዳጅ» ብሎ ጽፎታል። ሥራ አስኪያጃችን ሳያነብ መጨረሻው ገጽ ላይ ፈርሟል። ሐረጉን ገልጠው ቦይለሩን አዩ፤ ባለፎቶው እንጨቱን ከነክምሩ አነሣ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አስረዳችን። ዛፍ ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ታዳሽ ነው። ውሃው የምንጭ ውሃ እስከሆነ ድረስ የት እንደሞቀ መስፈርታቸው አይጠይቅም። ያገለገለውን ውሃ መልሶ ለእንግዳ ማሞቁም በጣም ያስመሰግናል፤ ብክነት መቀነስ ይባላል።

ከኋላዋ ጋራው ራሰ በራ ሆኖ ይታያል፤ ጉቶ ብቻ። ዞር ብላ አየችው።

«እነዚህ ዛፎች ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል?»

«ስልሳ» አለ ክርን።

«ስልሳ» ብላ ጻፈች፤ ከፊቱ ታዳሽ የሚለው ቃል እንዳለ ነው።

ክርን ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እመቤቴ፣ ቦይለሩን ካወቁ፣ ቅድም ከምድር ነው ስልዎት...?»

ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም። «አይጨነቁ። እንግዳ ስትቀበሉ ያላችሁን አቀራረብ በጣም ወድጄዋለሁ» አለችው። እንግዲህ ያ ሰው በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ዋሸ፣ ያንኑም እንደ ጭፈራ አዩለት። ውሸቱ አላስፈለገም ነበር። ማንም አልፈለገውም። ያን ጊዜ ሰውን ሁሉ ጠላሁ፤ «ሁለት ቃል ነው» ያልኩትን እኔን ጨምሮ።

ሊሄዱ ግንቡን ተከትለው ሲያልፉ ሴትዮዋ ቱቦውን አየችው።

«ይህ ወዴት ይሄዳል?»

«ዘግተነዋል!» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ።

«በቫልቭ የተዘጋ ነገር ይከፈታል። ያገለገለ ውሃ ወደ አካባቢው መለቀቅ የለበትም። በሲሚንቶ ይደፈን፤ ሰሌዳው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

ክርን መንገዷ ላይ ቆመ። «እመቤቴ፣ ከታች ሰዎች አሉ። እግራቸውን ይነክሩበታል። ባለቤቴም...»

«ባገለገለ ውሃ?» አለች ደንግጣ፤ እውነቷን ነው የደነገጠችው። «ይኼማ የጤና አደጋ ነው።» እሱንም ጻፈችው። ነቅናቂው ከሁሉም ጊዜ ይልቅ አጥብቆ ነቀነቀ። ያው ውሃ ለእንግዳ ሲሆን ምስጋና፣ ለእኛ ሲሆን በሽታ ነው። ይህን የምታነብቡ ሊቃውንት ካላችሁ አስረዱኝ፤ እኔ ፎጣ ሰጪ ነኝ።

ቅዳሜ ቱቦው በሲሚንቶ ተደፈነ። ሥራ አስኪያጁ ክርንን ትከሻውን ይዞ «ጋሼ፣ እኔ ቃሌን ልጠብቅ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ የአካባቢ ጥበቃ ነው» አለው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ? የባሰው ደግሞ ሰውየው ያታለለ አለመምሰሉ ነው፤ ከልቡ ያዘነ መስሎታል።

ክርን እቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ቀኑን ሙሉ እንዳላናገረችው ኋላ እሷው ነገረችኝ። እሑድ ጠዋት እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። «የኔ ጉልበት ቢያመኝ ጉልበቴ ነው» አለችው። «አንተ ግን ምን ቀረህ? ነገ ሄደህ ለሰዎቹ ንገራቸው።»

ሰኞ ጠዋት ወረደ። እኔም ፎጣ ክፍሉን ዘግቼ ተከተልኩት። የገንዳው ሰዎች አንድም አልቀሩም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጫማቸውን ከጎናቸው ደርድረው፣ እግራቸውን ደረቁ ገንዳ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ክርንን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ውሃው አይመጣም» አላቸው።

«በስንት ሰዓት ይመጣል?» አለ ፖስተኛው።

«አይመጣም አልኩህ። ቱቦው በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ያውና። እኔም ሐሙስ ለእንግዶቹ ዋሽቻለሁ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጡብ ተሸካሚዋ ሳቅ አመለጣት።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ተው እባክህ» አለች። «አንተ መዋሸት የት ታውቅና።»

«ሰኞ ይመጣል ብለሃል» አለ ሾፌሩ። «ዛሬ ሰኞ ነው። ገና ጠዋት ነው።»

«ያን ጊዜ አታልለውኝ ነው። አሁን እውነቱን ነው የምነግራችሁ።»

«እንግዲያው አሁንም አታልለውህ ይሆናል» አለ ፖስተኛው በደግነት። «ሲሚንቶ ይሰበራል። ያንተ ቃል ግን እስከዛሬ አልተሰበረም። ሂድ አንተ ሥራህን ሥራ፤ እኛ እንጠብቃለን።»

ሁለተኛ ነገራቸው፤ ሦስተኛ ነገራቸው። ቱቦው አፍ ድረስ ሄዶ ሲሚንቶውን በጡጫው እየመታ አሳያቸው። «አይዞህ፣ አትጨነቅ» አሉት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሐሰት ሳይናገር የገነባው ስም ነው እነዚያን ሰዎች በባዶ እግራቸው ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አስሮ ያስቀመጣቸው። ከላይ አውቶቡስ ሲቆም ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ከግንቡ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ! እንግዶች ገብተዋል!» ብሎ ተጣራ። ክርን አልሄደም። ያን ቀን ውሃውን ማንም ሳይነካው እንግዶቹ ገቡበት፤ ልዩነቱን ያወቀ አንድም ሰው የለም።

ወደ ምሳ ሰዓት ግድም እትዬ መጣች። ከስንት ሳምንት በኋላ ከቤቷ መውጣቷ ነው። በየአምስት እርምጃው እየቆመች፣ አንድ እጇን ከግንቡ ሳትለይ ወረደች። ሲያዩዋት ሁሉም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ፣ ነይ ተቀመጪ እቴ» አለቻት ጡብ ተሸካሚዋ። «ውሃው ሊመጣ ነው። ባልሽ ብሏል።»

እትዬ ባሏን አየችው። ከዚያ ዱላዋን ከግንቡ አስደገፈች፣ ጫማዋን አወለቀችና ከመካከላቸው ተቀመጠች። ክርን ያን ጊዜ በሰው ፊት አለቀሰ፤ እነሱም ለሚስቱ ጉልበት አዝኖ መሰላቸው።